ከማዶ የመጣው ሞተር

ሞያሌ፣ ኬንያ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሲበርድ የሚያምህ ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ጋ ዝናቡ ሰኞ ዕለት ጀመረ። የመንገዱ አቧራ ተኝቶ ከተማው ለሁለት ቀን ንጹሕ መስሎ ነበር፤ ከዚያ ከባድ መኪኖቹ አቦኩት። አባዬ ደህና ነው። እትዬ አሰገደችም ደህና ናት፤ የሆቴሉን ወጥ ቤት እንደ ድሮው በጩኸት ታስተዳድራለች። አራተኛው ክፍል አሁንም ያፈሳል። እኔም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰላምታዬ እንዳጠረብህ አውቃለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እሱን ሳልጠይቅ ስለ ዝናብና ስለ ጣራ ብቀጥል ማስመሰል ይሆንብኛል። ከግንቦት ወዲህ የደረሱኝን አራት ደብዳቤዎች የጻፍካቸው አንተ ነህ?

ጽፌው ሳየው ራሴ ደነገጥኩ። ግን አልሰርዘውም።

እዚህ ቤት የተደበቀ ነገር አለ። እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። እትዬ አሰገደች የማይታማሰለውን ታማስላለች፤ አባዬ የተቆለፈውን መሳቢያ እንደገና ይቆልፋል። ስለማልናገር የማልሰማ ይመስላቸዋል። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጥኩም የማላስብ የሚመስላቸው አሉ። ግን የተበላሸ ነገር እንዴት እንደሚፈተሽ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ከመጀመሪያው ሽቦ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው በጣት እየተከተሉ መሄድ ነው፤ መሐል ላይ መዝለል የለም። እኔም እንደዚያ አደርጋለሁ።

የመጀመሪያው ሽቦ ድምፅህ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁህ ለፋሲካ ነው። በአባዬ ስልክ ደውለህ፣ እኔ እንደ ልማዴ ቃል ጠፍቶኝ ስተነፍስ ሰማኸኝና «ሮቦታችን ሄደ ወይ?» አልከኝ። የቀኝ እግሮቹ ብቻ እንደሚንቀሳቀሱ ስነግርህ «እንግዲያው ክብ ሠርቶ ወደ ቤቱ ይመለሳላ!» ብለህ ሳቅክ። ሌላም አንድ ነገር ብለኸኝ ነበር፤ እሱን አሁን አልጽፈውም፣ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ አልደወልክም። በግንቦት ወር አንድ እሑድ የአባዬ ስልክ ጮኸ፤ ይዞት ወደ ጓሮ ወጣ። በማግሥቱ ለዕቃ ብሎ ናይሮቢ ሄደ። በስድስተኛው ቀን ተመልሶ «ስልኩን ሰርቀውታል፤ ከእንግዲህ ደብዳቤ ይጽፍልሻል» አለኝ። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ግድግዳው ላይ ከካላንደሩ በቀር ምንም የለም።

ደብዳቤዎቹ እውነትም መጡ። የሚያመጣቸው ፍራንሲስ ነው፤ ከናይሮቢ ስኳርና ሳሙና ጭኖ የሚመጣው፣ ሁልጊዜ ሁለተኛው ክፍል የሚያድረው ሹፌር። አንተ ካለህበት ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ሰው ናይሮቢ ላይ ይሰጠዋል ተባልኩ። የእኔንም መልስ የሚወስደው እሱ ነው። ግን አራቱም በኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው፤ ስም የለባቸውም፣ መጨረሻቸው ላይ «ወንድምሽ» ብቻ ይላሉ። የመጀመሪያው «ሥራ ላይ እጄን ቆርጦኝ ነው» ይላል። እሺ። አምስት ወር የማይድን እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው?

ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር ካቻቢቴህ መጣ። እጀታው ላይ የብስክሌት ካላማዳሪያ የጠቀለልክበት፣ ያው የራስህ። «አዲስ ገዝቻለሁና ይህ ላንቺ ይሁን» ይላል። የዚያን ቀን ትራስ ሥር አድርጌው ተኛሁ። በኋላ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ለእኔ እንኳን ሳታስምል የማታውሰውን ካቻቢቴ፣ ሌላ ሰው ሲነካው ዓይንህ የሚከተለውን፣ እጅህ ታሞ ይድናል ብለህ እየጠበቅክ ለምን ትሰጠኛለህ?

ሁለተኛው ሽቦ ሬዲዮው ነው። አባዬ ከናይሮቢ የተመለሰ ቀን የሆቴሉ ሬዲዮ ዝም አለ። «ተበላሽቷል፣ እንዳትነኪው» አለኝ። እኔን! ሻይ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ከኋላ ከፈትኩት። ምንም አልሆነም። የድምፅ ማውጫው ሽቦ በመቀስ ተቆርጦ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ አቆራረጥ። ዝም እንዲል የፈለገ ሰው አለ። መልሼ ዘጋሁት፣ ማንንም አልጠየቅኩም።

አባዬ ራሱ ሁለት ሰው ሆኖብኛል። አንዱ «ይህን ቁርጥራጭ ብረት ከግቢዬ አውጪልኝ፣ እንግዳ ሲወጣ ሲገባ ልብሱን ይቀድበታል» የሚለው ነው፤ የምታውቀው። ሌላውን አላውቀውም። በነሐሴ አንድ ሰው ግቢያቸው ውስጥ ሽቦና ባትሪ አለ ብሎ ነግሮ ኖሮ ፖሊስ መጣ። በዚህ ዘመን እዚህ ከተማ ሽቦና ባትሪ የፈንጂ ጥርጣሬ እንደሚያመጣ ታውቃለህ። ሀሊሞ፣ የግመል ወተት የምታመጣልን፣ «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይህን ነገር በጨርቅ ሸፍኚው እንጂ! እኔ ራሴ ሳየው ባሌን የምፈራውን ያህል ነው የምፈራው» ብላኝ ነበር፤ ያውም ባልዋን እንደማትፈራ ሁሉም ያውቃል። እና ፖሊሱ ሲመጣ እኔ በር ኋላ ተደበቅኩ። አባዬ ወጣ። «የውሃ መሳቢያ ነው፤ ልጄ ናት የምትሠራው፣ ገና አላለቀም» አለው። እጁን ሮቦቱ ጀርባ ላይ ጣል አድርጎ ነው የተናገረው። ፖሊሱ ሲሄድ ወደ እኔ ዞሮ «አውጪልኝ አላልኩሽም?» አለኝ። እንግዲህ የትኛው ነው አባዬ?

ሦስተኛው ሽቦ ሦስተኛው ደብዳቤ ነው። «በአባዬ አትፍረጂበት» ይላል። «ሳጥኔን መንገድ ላይ የወረወረው ተናዶ እንጂ ጠልቶኝ አይደለም። ምነው ያን ጊዜ እጁን በቆረጠው ኖሮ።» አንተ እንዲህ አትልም። የዕቃ ሳጥንህን ወርውሮ «ወንድ ከሆንክ ሂድና ራስህን አብላ» ያለህ ቀን ቦሎኖቹን ከጭቃው አብረን ስንለቅም አንድ ቃል አልተናገርክም። በሳምንቱ ስትሄድም የአባዬን ስም አልጠራህም። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ አንድ ወር አፌን ዘግቼ፣ እትዬ አሰገደች ጠበል ላስጠምቃት ስትል እንደነበር ሰምተሃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው ደብዳቤውን የጻፈው። ግን አንተ ነህ ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ መጨረሻው ሽቦ። አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን እንዳልዘል ብዬ ልጻፈው።

ከመሄድህ በፊት የሮቦቱን ወገብ ከአልጋ ብረት ቆረጥን፤ አራቱን እግሮች ከፌሮ፣ ጫማቸውን ከመኪና ጎማ። ለቀኝ እግሮቹ ከተገለበጠ የኬንያ አይሱዙ የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ፈታን። ለግራዎቹ ሌላ የኬንያ ሞተር ስናመጣ ግን መቀመጫው አልገጥም አለ፤ በገመድ አስረን ስንሞክረውም ወደ ኋላ ረገጠ። ሽቦውን ብናገላብጠውስ አልኩህ። የሞተሩ ገላ ራሱ እንደ ሽቦ ስለሚያገለግል ብረት ከብረት ተገናኝቶ ግቢው በጭስ ተሞላ፤ እትዬ አሰገደች በባልዲ ውሃ ይዛ መጥታ ያፈሰሰችው አንተ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው የበራልህ። እኛ ጋ መሪው በቀኝ ነው፣ ማዶ ኢትዮጵያ በኩል በግራ። ስለዚህ የማዶ መኪና የዝናብ መጥረጊያ የእኛው በመስታወት ሲታይ ማለት ነው፤ መቀመጫውም አዟዟሩም የተገለበጠ። «አየሽ፣ አንድ እግሩን ከዚህ አንድ እግሩን ከዚያ ካላገኘ አይሄድም» አልከኝ፤ ከራስህ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ።

ባለፈው ሐሙስ ከአራተኛው ደብዳቤ ጋር በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ሞተር መጣ። «እዚህ ከጆሃንስበርግ የብረት ተራ አገኘሁልሽ» ይላል። ገጠመ! አራቱም ቦሎኖች እንደ ቤታቸው ገቡ። ጮቤ ረገጥኩ፤ ማንም አላየኝም። እራት ላይ ግን የቆረስኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ። ገጠመ ማለት ከግራ መሪ መኪና የተፈታ ነው ማለት ነው። አንተ ያለህበት አገር መሪው በየት በኩል ነው?

ፍራንሲስን ጠርጥሬዋለሁ። ምናልባት አንተ ገንዘብ ልከህ እሱ ከመንገድ ገዝቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ደብዳቤዎችህን ከፍቶ የራሱን እያስጻፈ። ማክሰኞ ይመጣል። እጠይቀዋለሁ። እኔ ሰው ልጠይቅ!

*

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ፍራንሲስ መጣ። እግሩን ታጥቦ በረንዳው ላይ ሻይ ይዞ ሲቀመጥ ሦስት ጊዜ ወደ እሱ ሄጄ ሦስት ጊዜ ጠረጴዛ ጠርጌ ተመለስኩ። በአራተኛው እሱ ራሱ «ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይህ ጠረጴዛ ከዚህ በላይ አይጸዳም። ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

ደቡብ አፍሪካ መሪው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅኩት። «እንደ እኛው በቀኝ። ምነው፣ መኪና ልትገዢ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሞተሩን ከማን እንደተቀበለው ስጠይቀው ሳቁ ቆመ። «ወንድሜ ገንዘብ ሰጥቶህ አንተ ሌላ ቦታ ገዝተኸው ከሆነ ንገረኝ፤ ለማንም አልናገርም» አልኩት። ይህን ያህል ቃል ለቤት ሰው እንኳን በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም።

ፊቱ ተለወጠ። «ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ስነዳ አንድ ኪሎ ስኳር አልጎደለብኝም፤ ሌባ ነህ ልትዪኝ ነው?» አለ። ከዚያ በስዋሂሊ ለራሱ ብዙ አጉረመረመ። አባዬ መቀመጫው ላይ አለመኖሩን ዞር ብሎ አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ። ደብዳቤሽን እኔ ከዚህ ግቢ በር አውጥቼው አላውቅም። ስትሰጪኝ እቀበላለሁ፤ ስጥ ስባል እሰጣለሁ። ስጥ ሲሉኝ ለአንቺ፣ አምጣ ሲሉኝ ለእሳቸው። እኔ ሹፌር ብቻ ነኝ። የቀረውን ምዜውን ጠይቂ።»

ምዜው፣ በስዋሂሊ ሽማግሌው፣ የሚለው አባዬን ነው።

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ሲሄድ ግን ተመልሶ ራሴን ዳበስ አደረገኝ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ያ እጅ ከንግግሩ ሁሉ ይበልጥ አስፈራኝ።

ሞተሩን ፈትቼ በጆንያው አድርጌ ማዶ ተሻገርኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ማዶ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ኬላው ላይ ያለው ሰው ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ፤ «ብረት» ስለው ተመልክቶ «የስዩም ልጅ አይደለሽ? እለፊ» አለኝ። ሰዎች እንዲህ ያውቁናል፤ እኔ ግን እንደማይታይ ሰው ነበር የምመላለሰው።

የብረት ተራውን ዲባን ታስታውሰዋለህ፤ ቦሎን ስንገዛ ሁልጊዜ አንድ የሚመርቅልን። ሲያየኝ «የብረት ልጅ መጣች!» ብሎ ጀመረና ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚፈልግ ይመስል አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ቶሎ ወደ ብረቶቹ መለሰ። ጆንያውን ፈታሁለት። ሞተሩን አገላብጦ አየውና «የእኔ ነው። ከገደል ከወጣው አይሱዙ ነው የፈታሁት። ይህን ጎባጣ ቦሎን ያቀናሁት ራሴ ነኝ፣ የመዶሻዬ ምልክት ይኸው። ምነው፣ አልሠራም?» አለኝ።

ማን እንደገዛው ጠየቅኩት።

«አባትሽ ነዋ! ሦስት ቀን ነው የተመላለሰብኝ» አለ። «መጀመሪያ ቀን ያየውን ሁሉ አነሣ፣ ጣለ። ሁለተኛ ቀን በወረቀት ሥሎ መጣ። ሥዕሉ ፍየል ይሁን አልጋ ይሁን እኔ አልገባኝም። እዚህ መሐል ቆሞ እጁን እንደ ዝናብ መጥረጊያ እያወዛወዘ ወደዚህ ነው የሚያዞረው ወይስ ወደዚያ ይለኛል። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል! ስዩም፣ አብደሃል እንዴ አልኩት። ስዩም እኮ ነው፣ ሳቅ የማያውቀው። በሦስተኛው ቀን ይህን ሰጠሁት፤ ዋጋ እንኳን አልተከራከረም። መኪና የለህ፣ ምን ያደርግልሃል ስለው ለልጆቼ ነው አለኝ።»

ለልጆቼ ነው ያለው።

ዲባ ሞተሩን መልሶ ጠቀለለልኝ። አንድ ቦሎን ከክምሩ አንሥቶ ጆንያዬ ውስጥ ጣለልኝ።

ስመለስ ኬላው ጋ ቆምኩ። ከማዶ የሚመጡት መኪኖች በቀኝ ይመጡና መስመሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ግራ ይለውጣሉ፤ ከእኛ የሚሄዱት ደግሞ ተቃራኒውን። ስንቴ አልፌበት አላየሁትም ነበር። ብዙ ሰዓት ቆምኩ መሰለኝ፤ ቤት ስገባ እትዬ አሰገደች «የት ጠፋሽ?» ብላ አልጮኸችብኝም። ያም ልክ አይደለም።

*

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ወንድምጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አንድ ጥያቄ ጠይቄህ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ።

ትናንት ካላንደሩን ከግድግዳው አወረድኩት፤ ያለፈው ዓመት ከሥሩ ተንጠልጥሎ ይገኛል። አባዬ በሰኔ ወር ማዶ ቤተ ክርስቲያን ለነዳያን ዳቦና ወጥ አስይዞ ሄዶ ነበር። «ስለት ነው» አለኝ። የአባዬ ስለት ሁልጊዜ ለሚካኤል ነው፤ በአሥራ ሁለት። በዚያ ወር ግን የሚካኤል ዕለት ቤት ውሎ በአሥራ ስምንት ሄደ። እኔና አንተን ሁልጊዜ ይዞን ይሄድ የነበረ ሰው እኔን «ሆቴሉን ጠብቂ» አለኝ። ከናይሮቢ ከመጣ ጀምሮ ያልተላጨውን ጢም በማግሥቱ ተላጨ። ጢሙ ሲያድግ ስጠይቀው «ምላጭ ተወደደ» ነበር ያለኝ፤ እኔም በልቤ ስቄበት ነበር።

ስልኩ ከጮኸባት እሑድ ጀምሬ እስከዚያ ቀን በጣቴ ቆጠርኩ። አልዘለልኩም። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም።

ካላንደሩን ወደ ቦታው መለስኩና ወደ ግቢ ወጥቼ ግራውን ሞተር ማሠር ጀመርኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዝናቡ ቆሞ ነበር። የቀረኝ አንድ ቦሎን ነው፤ ወገቡን የሚይዝልኝ ሰው ከሌለ ግን አይገባም። በጉልበቴ ብደግፈው ተንሸራተተ፤ በድንጋይ ባስደግፈው ተንሸራተተ። ሳልጠራው አባዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተንበረከከ፣ የእሑድ ሱሪውን ለብሶ፣ ጭቃው ላይ። ያዘልኝ። እኔ በካቻቢቴህ አጠበቅኩ። አላየኝም፣ አላየሁትም። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቦሎኑ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለቴም ቀድሞኝ አነሣው።

ሁለቱን የቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ባትሪዎች አያይዤ ሽቦውን ስነካው ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ሀሊሞ የወተት ጀሪካኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «ሊሄድ ነው ወይስ ሊታለብ?» አለች፤ ሹፌሮቹ ሳቁ። ከዚያ ቀኙ ተነሣ። ከዚያ ግራው። ወንድምጋሼ፣ ሄደ! እንደ ሰካራም እየተወዛወዘ፣ የጎማ ጫማዎቹ ጭቃውን ጧ ጧ እያደረጉት፣ ክብ ሳይሠራ፣ ቀጥ ብሎ። ሹፌሮቹ በስዋሂሊ ቆጠሩለት። አሥራ አንድ እርምጃ። ወደ ግቢው በር ነበር የሚሄደው፤ ሲወጣ ማየት የፈለግኩ አይመስለኝም፣ ግን ሽቦውን ማላቀቅ አልቻልኩም።

አሥራ ሁለተኛው ላይ የፊት እግሩ የውሃ መውረጃው ውስጥ ገብቶ ዘነበለ። አባዬ ሮጠ። አባዬ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ሳይወድቅ በሁለት እጁ እቅፍ አድርጎ ያዘውና «አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ» አለው።

ሹፌሮቹ መቁጠራቸውን ተዉ። እግሮቹ ብቻ አየሩ ላይ ይራገጣሉ። ሀሊሞ ጀሪካኑን አስቀምጣ አፏን በሻሿ ያዘች። እትዬ አሰገደች ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ሽቦውን አላቀቅኩት። አባዬ ብረቱን አቅፎ እንደቆመ ቀረ፤ ማስቀመጡን የረሳው ይመስለኛል።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ለፍራንሲስ አልሰጠውም። ደክሞታል። አባዬ ከሰዓት በኋላ ሲተኛ መነጽሩን የሚያስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ ከመነጽሩ ሥር አደርገዋለሁ። ወንድምጋሼ እያልኩ መጻፉን ስለለመድኩት እስከ ታች ድረስ አንተንም እንዲሁ ልበልህ።

አምስተኛ ደብዳቤ አያስፈልገኝም። ማዶ ኮምፒውተር ቤት አትመላለስ፤ ጭቃ ነው፣ ጫማህም ያስገባል። የተጻፉት አራቱ ጥሩ ነበሩ። ጥሩ ስለነበሩ ነው የተጠራጠርኳቸው፤ ወንድሜ እንዲህ አድርጎ አይጽፍም፣ ሰላምታ እንኳን አይችልም ነበር። ግን በየማታው ልጁ ተኝቶ ይሆን በልቶ ይሆን የሚለው ሰው ምን ብሎ እንደሚጽፍ አሁን አውቄአለሁ። አልጥላቸውም።

በሦስተኛው ደብዳቤ ለተጠየቅኩት መልሴ ይህ ነው። ፈርጄ ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ በየቀኑ፣ ሻይ ስቀዳ ጭምር። ስለዚህ ነው በፋሲካው ስልክ የተባልኩትን ሳላደርስ የቀረሁት። ከሳቀ በኋላ እንዲህ ነበር ያለኝ፦ «አባዬን ሰላም በይልኝ። ስመለስ ሮቦቱን መጀመሪያ የማሳየው ለእሱ ነው።» ስልኩን ስመልስ «ምን አለሽ?» ተብዬ ተጠየቅኩ። «ምንም» አልኩ። ይበሳጭ ብዬ ነው። አንድ ቃል ነበር፣ አጠገቤ ለቆመ ሰው፣ ሳላቀብል ስድስት ወር አሳደርኩት። በዚህ ቤት የደበቅኩት እኔም ነኝ።

አሁን አድርሻለሁ።

ነገ ሆቴሉ ከምሳ በኋላ ሲቀዘቅዝ ግቢው ውስጥ ሁለት በርጩማ አወጣለሁ። ናይሮቢ ማንን እንዳገኘህ ንገረኝ። ከወንድሜ ዕቃ ከካቻቢቴው ሌላ ምን ይዘህ እንደመጣህ ንገረኝ። ሁሉንም፣ መሐል ላይ ሳትዘል። እንደዚያ ጊዜው አፌን እዘጋለሁ ብለህ አትፍራ፤ መጠየቅ ለምጃለሁ፣ ፍራንሲስ ይመስክር። እትዬ አሰገደችም ድስቱን ትታ መጥታ ድምፅዋን አውጥታ ታልቅስ። የሬዲዮውን ሽቦ አልቀጠልኩትም፤ ሐዘኑ ሲያበቃ አንተ ትነግረኛለህ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እግዚአብሔር ለሄደውም ለቀረነውም መንገዱን ያቅናልን። በደጅ ያለውን በሰላም ያሳርፍ፣ በቤት ያለውን እርስ በርሱ ያስማማ። ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ እጅህን ከመንቀጥቀጥ፣ ጉልበትህን ከብርድ ይጠብቅልኝ።

ልጅህ